ሰባተኛው ጥያቄ

አራት ኪሎ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ፣ ከምትንቋቋው ወንበር፣
አንድ ገጽ ነው የያዝኩት፤ ሃያ ሦስት መስመር።
ከጠዋት ጀምሬ ስቆፍር ስቆፍር፣
በያንዳንዱ ቃል ላይ አማርኛ ስከምር፣
እርሳሴ ዶለዶመ፣ ኅዳጉ ጠቆረ፣
መዝገበ ቃላቴ ወገቡ ተሰበረ፤
ቃሉ ሁሉ ተይዞ፣ ነገሩ የት ቀረ?

አጎቴ ዳዊቱን በቃሉ ይደግማል፣
«ትርጉሙስ?» ስለው «ዝም በይ» ይለኛል።
የሱስ ለእግዜር ነው፤ እግዜር ይፈታዋል፤
የኔን ማን ይፈታል?
ከመቶ ሃምሳ ነው፤ አለዚያ ይደገማል።

«ሽማግሌው» ይላል፣ «ባንክ ላይ ተቀምጦ፣
ዓሣ ይጠብቃል ዘንጉን ጨብጦ።»
አመንኩት። መጽሐፍ ደግሞ ይዋሻል ወይ?
ፈረንጅስ ባገሩ የማያደርገው አለ ወይ?
ሰንጋ ተራ ያለው፣ ባለ መስታወቱ፣
ያባቴን ጡረታ የማወጣበቱ፣
እዚያ አስቀመጥኩት፤
የወረፋ ቁጥሩን በኪሱ ከትቶ፣
ክሩን በእብነ በረዱ ወለል ላይ ዘርግቶ፣
ካሸሪዋ ስትቆጥር፣ ዘበኛው ሲያዛጋ፣
ዓሣ ይጠብቃል፣ ከመስኮት አራት ጋ።

መልሳችንን ሰብስባ፣
መምህርት አስካለ «ሰውየው የት ነው?» አለች፤
እጄ ቀድማኝ ወጣች።
«ባንክ ቤት!»
ክፍሉ ተናጠ፤
«ስንት ብር አወጣ?» ሲል ጉርሜሳ አሽሟጠጠ።

እሷ ግን አልሳቀችም። ወንበር ስባ መጣች፦
«አትልቀሚው» አለች፣
«ጽሑፍ ምስር አይደል፣ አንድ ባንድ አይለቀም።
በኛ ሰፈር ደግሞ ቤት በቁጥር አይገኝም፤
ሱቁን ትጠይቂያለሽ፣ ሊስትሮውን፣ ጎረቤቱን፣
እነሱ ያደርሱሻል፣ አንቺ ታንኳኪያለሽ በሩን።
ቃልም እንደዚያው ነው። ፊቱ ከጠፋብሽ፣
ዓሣው አለ አይደል? ውሃው አለ አይደል? እነሱ ይንገሩሽ።»

ዝናቡ ሲያባራ፣ አደባባዩ ላይ ታክሲ ጠፍቶ፣
ወረፋው እንደ ገመድ ተጎትቶ፣
በእግሬ ወረድኩ። ግንፍሌ ድልድዩ ላይ ስደርስ፣
ወንዙ ደፍርሶ ይወርዳል፣ ፌስታልና ጎማ ሲያግበሰብስ፤
ከዳሩ፣ ከድንጋዩ ላይ፣ አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ፣
ጉልበቱን አቅፎ፣
ውሃውን ያያል።

«ባንክ!» ብዬ ጮህኩ።
ባጠገቤ የምታልፍ ሴትዮ
ቦርሳዋን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ከተዘጋ ሱቅ በረንዳ ቆሜ ገጹን አወጣሁ፤
መዝገበ ቃላቱን ግን ከቦርሳዬ አልነካሁ፤
እስከ መጨረሻው ነጥብ
ሳልቆም አነበብኩ። ደገምኩ። ሠለስኩ።

ሰባተኛው ጥያቄ፦ «መንጠቆው ላይ ትል ለምን አላደረገም?»
ጠዋት «ሀ» ነው ያልኩት፦ ደሀ ስለሆነ። አላመነታሁም።
አሁን ግን አየኋት፤ ዘጠነኛው መስመር፣
«ከጎኑ ሌላ ዘንግ፣ አጭር፣»
ይላል፣ ያልፋል።
እኔም በእርሳሴ «አጭር» ብዬ ጽፌባት አልፌያለሁ።

አጭር።
ለማን ቁመት? ለማን ክንድ?
ከሃያ ሦስቱ መስመር አንዱም ላይ
«ልጅ» የሚል ቃል የለም።
«ሞተ» የሚል የለም። «ወንዙ ወሰደው» የሚል የለም።
ዓሣ የፈለገም ሰው የለም።

ድልድዩ ላይ መኪና ጡሩንባ ነፋ፤
ቀና ስል ድንጋዩ ባዶ ነው፣ ሰውየው ጠፋ።

በሳምንቱ ወረቀቱ ተመለሰ፦ ስድስት ካሥር።
ሰባተኛው በቀይ ተሰርዟል፤ ምን ብዬ ልከራከር?
ቤት ገብቼ ላጲስ አነሣሁ፣
ከኅዳጉ፣ ከመስመሩ መሃል፣
የከመርኩትን አማርኛ ስፈገፍግ አመሸሁ፤
ገጹ ነጣ።
«አጭር» የምትለዋን ግን
ተውኳት።